አንዲት ጭረት የጎደላት መቶ ዓመት

ሎጋን፣ ኩዊንስላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ለፉሲ፣

ይህን ወረቀት ባሕር አሻግሮ ከእጅዎ የሚያደርስ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? መጋቢውስ፣ ጎረቤቶቹስ፣ አሳማዎቹስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እናቴ አሁንም ዶሮ ፋብሪካ ነች። ቅዝቃዜው ጣቶቿን ቢያደነዝዝባትም እሑድ እሑድ ዝማሬ ላይ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። እጅ ነስታለች።

ትምህርቴን ቀጥያለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ገባሁ። ግራፊክ ዲዛይን ምን እንደሆነ ባለፈው ጠይቀውኝ ነበር። ባጭሩ ፊደልና ሥዕልን ወረቀት ላይ አስማምቶ ማስቀመጥ ነው። የመጽሐፍ ሽፋን፣ ማስታወቂያ፣ ቤትዎ ያለው የሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይቀር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበበት ነገር ነው።

ዛሬ የጻፍኩልዎ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ እባክዎ አይሳቁብኝ። መምህሬ ዳያን አንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪ ብላኛለች። ጠንካራ ጎኔ ምን እንደሆነ፣ ደካማ ጎኔ ምን እንደሆነ፣ ወዴት መድረስ እንደምፈልግ። ሁሉም ተማሪ የሚጽፈው ነው፤ እስከ ኦገስት መጨረሻ ጊዜ አለኝ። ደካማ ጎኔን በአንድ ቁጭታ ሞላሁት። ጠንካራ ጎን የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ተገተረ። እርስዎ ያውቁታል፤ እኛ ቤት «ይሄን እችላለሁ» ያለ ልጅ «ልታይ ባይ!» እየተባለ እስኪያገባ ድረስ ሲላገጥበት ይኖራል። አጠገቤ የምትቀመጠው የአገሩ ልጅ ግን አስራ አራት ጠንካራ ጎን ጽፋለች። አስራ አራት! አንደኛው «ሳቄ ያምራል» ይላል።

እንግዲህ እርስዎን ላስቸግር። በሥጋ የአባቴ የአጎት ልጅ ቢሆኑም በኛ ሥርዓት የአባቴ እህት ነዎት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስለኔ ቃል የመስጠት መብት ከእርስዎ በላይ ያለው ማንም የለም። እስኪ ስለኔ የሚባል ደህና ነገር ካለ ይንገሩኝ።

አንድ ሌላም አለ። ከገጹ ጋር፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ላለ ሰው የሠራሁት አንድ ሥራ ማቅረብ አለብኝ። እዚያ መንደር ሰሌዳም ሆነ ምልክት የሚያሠራ ሰው ካለ ያለ ዋጋ እሠራለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ፣
ሌሲኤሊ

ሊፉካ ደሴት፣ ሃአፓይ
ማርች 4 ቀን 1998

ለልጄ ለሌሲኤሊ፣

አባትሽን የሰጠን፣ መልሶም የወሰደው፣ አንቺን ግን ያስቀረልን ጌታ ስሙ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል፤ ከሬዲዮው ይሻላል። መጋቢው ወፍሯል። ከአሳማዎቹ አንዷ ስድስት ወለደች።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ በቀጭኑ የምትጽፊው? ወፍራም ብዕር እዚያ አገር የለም እንዴ? ለሹማምንት የምትጽፊ መስሎሻል።

ወደ ነገርሽ ስገባ፣ ጉድ ነው መቼም! መምህርት ሆና ልጅን «ራስሽን አመስግኚ» ትላለች? ደካማ ጎንሽን እንደሆነ በደስታ እነግርሻለሁ፣ ወረቀት እስኪያልቅብኝ። ችኩል ነሽ። በስድስት ዓመትሽ የታሮውን ሥር ሳይበስል ከምድጃው አውጥተሽ ያበላሽን ጊዜ ሰባት ሰው ጉሮሮውን ሲያክ ዋለ። ከዚያ ደግሞ፣ ለዓይን ካማረልሽ ሌላው ነገር አይታይሽም። ለአያትሽ ልደት የሠራሽው ኬክ ላይ ያለው አበባ እስካሁን ይወራል፤ ኬኩ ግን ውስጡ ሊጥ ነበር። ሲከፋሽ ደግሞ አትናገሪም። በዚህ ቁርጥ አባትሽን ነሽ፤ እሱም ታምሞ ሳይናገር ነው የሄደብን። ጠንካራ ጎንሽን ግን አልጽፍልሽም። ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም፤ ይበላሻል።

ለሥራው ደግሞ እኔ አለሁልሽ። ቤተ ክርስቲያናችን በጁን መቶ ዓመት ይሞላዋል። ከበሩ በላይ የሚሰቀል ባነር ሥሪልን። ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፣ «ታኡ 100» ይበል በቃ። መቶ ዓመት። ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር እንዲያነበው አድርገሽ ትልቅ አድርጊው።

ሁለቱ የመዘምራን ቡድኖች አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው፤ ይኸው አምስት ዓመት። አንድ የጋራ መሪ መምረጥ አቅቷቸው የምሥራቁ ሰፈር አንድ መዝሙር፣ የምዕራቡ ሌላ መዝሙር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር! መጋቢው ለበዓሉ እንኳን አንድ ገበታ ላይ ቅረቡ እያለ ይለምናቸዋል። ባነሩ የሚያምር ይሁን፤ ሌላው ቢቀር እሱን አብረው ቀና ብለው ያያሉ።

አክስትሽ ነኝና እምቢ አይባልም።

ፉሲ

ሎጋን
ኤፕሪል 12 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

የትንሣኤው ጌታ ቤትዎን በሰላም ይሙላልኝ። ይኸው በወፍራም ብዕር ነው የምጽፈው። የታሮው ነገር እስካሁን አልተረሳም ማለት ነው? በስድስት ዓመቴ ነበር እኮ!

ባነሩን ጀምሬዋለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር የለም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉት ፊደላት ሁሉ ለሌላ ሰው ቋንቋ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳቸውም ስላልሆኑልኝ በእጄ ሣልኳቸው። ሰፋ ያሉ፣ ወገባቸው ወፈር ያለ፣ ለበዓል እንደ ወጋችን ወገባቸው ላይ ምንጣፍ ታጥቀው የቆሙ ሰዎች እንዲመስሉ ነው የፈለግኩት። ቀለሙ ቀይ ነው። ዳያን አጠገቤ መጥታ ቆማ፣ ምንም ሳትል ብዙ ጊዜ አየችው። እሷ ዝም ካለች መልካም ነው፤ ካልወደደች ታወራለች።

ንድፉን አሳንሼ በዚህ ወረቀት ላይ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ እያንዳንዷን ፊደል በጣትዎ እየተከተሉ ይዩልኝ። ሸራው ላይ ቀለም ካረፈ በኋላ መመለሻ የለውም። የሚቀየር ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ መልስዎ እስኪደርሰኝ ብሩሽ አልነካም።

ልጅዎ፣
ሌሲኤሊ

ሊፉካ
ኤፕሪል 30 ቀን 1998

ልጄ ሌሲኤሊ፣

ጌታ ይባርክሽ። ንድፉን አየሁት። እጅግ በጣም ያማረ ነው። ምንም የሚጎድለው የለም። ቀቢው። ወረቀቱ አለቀብኝ።

ፉሲ

ሎጋን
ጁላይ 2 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ክብርዎን ማሳነስ አድርገው አይቁጠሩብኝ።

ትናንት የአጎቴ ልጅ ቪሊ የበዓሉን ፎቶ ላከልን። ፖስታውን የከፈተችው እናቴ ነች። «ነይ እዪ፣ ነይ እዪ፣ ባነርሽ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ቆይታ «ሌሲኤሊ፣ ይሄ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ታው 100» ይላል። ታኡ አይደለም፣ ታው! መቶ ዓመት ሳይሆን መቶ ጦርነት! በእግዚአብሔር ቤት በር ላይ፣ በስድስት ሜትር ሸራ፣ በቀይ ቀለም! ያውም አምስት ዓመት ሙሉ ተኳርፎ በኖረ ሕዝብ አናት ላይ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ረስቼው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቅ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። በአጻጻፋችን ታኡን ከታው የምትለየውን፣ ድምፁን ቆረጥ የምታደርገውን ያቺን ትንሽ ጭረት አውቄ ነው ያወጣኋት። በሁለቱ ፊደላት መሐል ስትገባ ጥርስ የወለቀበት ቦታ የመሰለ ክፍተት ፈጠረችብኝ። አወጣኋት፤ አማረ። እዚህ እኛ ልጆቹ ስንጻጻፍ ማንም አያስቀምጣትም፤ ሰው መቼም ይገባዋል አልኩ። ንድፉን ስልክልዎ ስለ እሷ አንድ ቃል አልጻፍኩም። «አክስቴ ካልወደደችው ትነግረኛለች» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ምንም አይጎድለውም ሲሉኝ ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን ብሩሽ አነሳሁ።

እስከዚህ ከተናገርኩ ሌላውንም ልናገር። ያ ገጽ ሁሉም ተማሪ የሚጽፈው ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። ባለፈው ዓመት በሁለት ትምህርት ወድቄያለሁ። ገጹ ሦስት መምህራን ፊት የሚቀርበው፣ ትቆይ ወይስ ትሰናበት ብለው ለመወሰን ነው። ኦገስት 28 ቀን። እናቴ አታውቅም። ሌሊት ተነስታ ዶሮ እየበለተች ነው የምታስተምረኝ፤ በምን አፌ ልንገራት? አጠገቤ ያለችው ልጅም አስራ አራት የጻፈችው ስለሚያስደስታት ነው፤ እንደኔ ተገድዳ አይደለም።

አሁን ምን ይዤ እቀርባለሁ? ያ ባነር ነበር ማስረጃዬ። ስለዚህ ሳያስወጡኝ ራሴ ልወጣ ነው። የፋብሪካውን ማመልከቻ ሞልቼዋለሁ፤ ከእናቴ ጎን ቦታ አለ ብለውኛል። እርስዎንም፣ መንደሩንም፣ የአባቴንም ስም አዋረድኩ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም። ግን ይቅር ይበሉኝ።

ሌሲኤሊ

ሎጋን
ኦገስት 1 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

በጤና እንዲደርስዎ እየጸለይኩ ነው። ካለፈው ደብዳቤዬ ወር ሞላው። መልስ አልመጣም፤ ይገባኛል፣ የሚገባኝም ነው። ልደውል ብዬ ነበር፤ ግን የፖስታ ቤቱ ስልክ ላይ እርስዎ ተቆጥተው ሊፉካ ሁሉ ከሚሰማ ብዬ ተውኩት።

ዛሬ የጻፍኩት ስለራሴ አይደለም። ትናንት ዕቃዬን ሳስተካክል የእርስዎን ደብዳቤዎች ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ በተርታ ዘረጋኋቸው። ላነባቸው አልነበረም፤ ተግሣጽዎን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ አየኋቸው። የትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ቅርጹ ነው፣ ትርጉሙ ኋላ ነው የሚመጣው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጻፉልኝ አንድ ገጽ ላይ ሠላሳ ሁለት መስመር አለ። በማርቹ አንድ ገጽ ላይ አስራ ስምንት። በኤፕሪሉ ሰባት ብቻ። ፊደሉ እያደገ ነው የመጣው። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል። ፊደል ላይ ማረፍ ያለባት ነጥብ ከፊደሉ ወርዳ ጎኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ያውም አንዴ አይደለም፣ በየቦታው። የእርስዎ እጅ እንዲህ አልነበረም። መንደሩ ሁሉ የሠርግ ጥሪ የሚያስጽፈው በእርስዎ እጅ ነበር።

አክስቴ፣ አይቆጡኝ። ዓይንዎ ያያል?

ያቺን ጭረት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ማንንም አላማርርም። ግን ንድፉን እንዳላዩት አሁን አውቄያለሁ። ካላዩ ደግሞ መንገድ እንዴት ይሻገራሉ? ውሃ ዳር እንዴት ይወርዳሉ? ብቻዎን አይውረዱብኝ። ተቆጥተውም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ሌሲኤሊ

ሊፉካ
ኦገስት 13 ቀን 1998

ለልጄ ለሌሲኤሊ፣

የዕውሩን ዓይን ያበራ ጌታ ይባረክ፤ ዘንድሮ ይህን ቃል የምለው ከአፌ አይደለም፣ ከሆዴ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ መጋቢው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስለዚህ ስለ ውፍረቱ ዛሬ አላነሳም። (አነሳች እኮ። እኔ መጋቢው ነኝ።)

አዎ ልጄ፣ አላይም። ግራው ከገና በፊት ሄደ። ቀኙም ጭጋግ ለብሷል። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ የአክስትነት ወግ ያለኝ ሴት፣ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ከፊት ምንጣፍ የሚነጠፍልኝ፣ «ፉሲ ታወረች፣ እጇን ያዙላት» ሊባልልኝ? ቤቱን በዳሰሳ አውቀዋለሁ፣ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ፣ ሰውን በድምፁ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር አታለልኩ። ንድፍሽ ሲመጣ አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት። ቀይ ነገር አየሁ፤ ቀዩ ደስ አለኝ። ምንም አይጎድለውም ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺ ዋሸሁ ትያለሽ፤ እስኪ ማን ይበልጥ ዋሸ?

አሁን የበዓሉን ቀን ልንገርሽ፤ እዚያ ሆነሽ በከንቱ ስትሞቺ ከርመሻል። ሰዉ ሁሉ ምንጣፉን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ወደ በሩ መጣን። ባነሩ ተገለጠ። ከዚያ ሽማግሌው ሶአኔ፣ የምዕራቡ መዘምራን መሪ፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ «መቶ ጦርነት! አምስቱን እኛ ተዋግተናል፤ ዘጠና አምስቱን ማን ተዋጋልን?» አለ።

ልጄ፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የምሥራቋ መሪ፣ ያቺ አምስት ዓመት ፊቷን አዙራበት የኖረችው፣ ስትስቅ ስትስቅ ሣሩ ላይ ዝርግት አለች። እጇን ይዞ ያነሳት ማን ይመስልሻል? ሶአኔ ነው። «ተነሺ፣ ጦርነቱ አላለቀም» አላት። አብረው ገቡ፣ አብረው ዘመሩ፣ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ታሮ በሥጋ ሲበሉ ዋሉ። ታረቁ ብዬ አልዋሽሽም፤ በነጋታው ስለ ወንበር ተጣሉ። ግን ያን ቀን አብረው በሉ። መጋቢው አምስት ዓመት ሰብኮ ያላመጣውን አንቺ በአንዲት ጭረት አመጣሽው። (እውነት ነው። በስብከቴ ሊሳካልኝ ያልቻለ ነገር ነው። ባነሩ እንዳይወርድ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።)

ያን ቀን ያልሳቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያይ ቀና አልኩ፤ የሚታየኝ ቀይ ነገር ብቻ። ሲስቁ የሚያስቃቸውን አላወቅኩም። ጎረቤቴን «ምን ተባለ?» አልኳት። «አንቺው አይደለሽ ያሠራሽው? አታይም እንዴ?» አለችኝ። እሷ ቀልዷን ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። የጁላዩን ደብዳቤሽንም ማንበብ አልቻልኩም፣ ማስነበብም አፈርኩ። ኦገስት የጻፍሽው ሲመጣ ግን ፈራሁ፤ ልጅቱ አንድ ነገር ሆናለች አልኩና ሁለቱንም ይዤ መጋቢው ጋ ሄድኩ። «ዓይንዎ ያያል?» የሚለው ጋ ሲደርስ ማንበቡን ትቶ እጄን ያዘኝ። እሱም አላወቀም ነበር። (አላወቅኩም። በየሳምንቱ እጇን ስጨብጥ ኖሬ አላወቅኩም።)

እንግዲህ ስሚኝ። ፋብሪካ የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ዶሮ የሚበልት ሞልቷል። ያን ገጽ ትጽፊያለሽ። ጭረቷን አውቀሽ እንዳወጣሽ ሳትደብቂ ጻፊ፤ ለዓይን ሲያምርልሽ ሌላው አይታይሽም ብያለሁ፣ አልተሳሳትኩም። ከዚያ ጠንካራ ጎን የሚለው ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ በዚህ መንደር ሁለት መቶ ሰው በየቀኑ ያየኛል፤ ዓይኔ መጥፋቱን ያየ የለም። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ከፊደሌ አየሽው። ሌላው ሰው የሚያነበው ቃሉን ነው፤ አንቺ የጻፈውን ሰው ታነቢያለሽ። በል፣ መጋቢ፣ ይሄን አድምቀህ ጻፍልኝ። ልታይ ባይ እንዳልባል ብለሽ እንዳትፈሪ፤ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። የአክስትን ትእዛዝ የፈጸመ ሰው ራሱን አመሰገነ አይባልም፣ ታዘዘ ነው የሚባል።

ለእናትሽም ዛሬውኑ ንገሪያት። ዝም ማለት ከአባትሽ የወረስሽው ነው፤ ይብቃሽ። እኔም ይብቃኝ። ሐኪሞች ከውጭ መጥተው በዋናው ደሴት ሆስፒታል የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት መርከብ እሳፈራለሁ። እፈራለሁ። ጸልዪልኝ።

አክስትሽ ፉሲ
(እጇን ይዤ አስፈርሜያታለሁ።)

ሎጋን
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1998

ለተከበሩና ለምወድዎ አክስቴ፣

ምስጋና ለአምላክ፣ ምስጋና ለአምላክ፣ ምስጋና ለአምላክ! ሌላ መግቢያ አላውቅም።

አልተሰናበትኩም! ቆይቻለሁ! ደብዳቤዎ የደረሰኝ መምህራኑ ፊት ልቀርብ ሦስት ቀን ሲቀር ነው። መጀመሪያ እንዳዘዙኝ ለእናቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። «ይሄን ብቻሽን ተሸክመሽ ነው ራት የምትበይው የነበረው?» ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ የፋብሪካውን ማመልከቻ ተቀብላኝ የሳህን ማስቀመጫ ሥር አነጠፈችው።

ገጹን ልላክልዎ፤ የጻፍኩት ይኸው ነው፦

«ባደግኩበት ቤት ራስን ማመስገን ነውር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ምስጋና ያዘዘችኝ አክስቴ ፉሲ ናት፤ ቅሬታ ያለው ለእሷ ይጻፍ።

ድክመቴ ከዚህ ጋር የተያያዘው ባነር ላይ ይታያል። በቋንቋችን ዓመትንና ጦርነትን የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ቅርጹን አበላሸችብኝ ብዬ አወጣኋት። ስህተት አልነበረም፤ ውሳኔ ነበር፤ ስህተት ቢሆን ይሻል ነበር። ለማን እንደምሠራ ረስቼ ለዓይኔ ብቻ ሠራሁ። ባለፈው ዓመት በሁለት ትምህርት የወደቅኩትም በዚሁ ነው፤ የተጠየቅኩትን ሳላነብ ያማረኝን ሠርቼ አቀረብኩ። ደግሞም ሲከብደኝ ለሰው አልናገርም።

ጠንካራ ጎኔ፣ አክስቴ እንዳለችው፣ ጽሑፍ ሳይ የጻፈው ሰው ይታየኛል። ከእጅ ጽሑፏ ተነስቼ ዓይኗ መታመሙን አወቅኩ። ከዚህ በፊት ይህ ጠንካራ ጎን መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለኝ ነበር።

መድረስ የምፈልገው ሩቅ አይደለም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው የመዝሙር መጽሐፍ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ አዛውንቱ በቃላቸው ነው የሚዘምሩት፣ ያልያዙትን ደግሞ ያጉረመርማሉ። ያቺ ጭረት የራሷ ቦታ ተሰጥቷት የምትቀመጥበት፣ የደከመ ዓይን አፍንጫ ላይ ሳይለጥፍ የሚያነበው ፊደል ልሠራ እፈልጋለሁ። እስኪሳካልኝ ድረስ ብዙ አበላሻለሁ። ጊዜ ስጡኝ።»

ሦስቱ መምህራን አነበቡት። ሁለቱ ወረቀቱን እያገላበጡ የማይገባኝን ነገር ተነጋገሩ። ሦስተኛው፣ ሳቅ የማያውቀው ሽማግሌ፣ መነጽሩን አወለቀና «ቅሬታ አለኝ፤ የአክስትሽን አድራሻ ስጪኝ» አለኝ። «ምን ቅሬታ?» ስለው፣ «እኔ እንዲህ ያለች አክስት የለችኝም» አለ። ዳያን ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላውቅም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለቱን ትምህርት ደግሜ እወስዳለሁ፤ ካለፍኩ እቀጥላለሁ። አልፋለሁ፤ ዘንድሮ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ነው የማነበው።

ውጭ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ እንዲህ አልተነፈስኩም።

አሁን የቀረኝ የእርስዎ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ምን አሉ? አያዘግዩብኝ፤ ባያዩም ይጻፉልኝ፤ መጋቢው ይጻፍልኝ።

ልጅዎ፣
ሌሲኤሊ

ሊፉካ
ኦክቶበር 2 ቀን 1998

ለልጄ ለሌሲኤሊ፣

ጨለማዬን የገፈፈ ጌታ ክብር ይግባው። ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ዓይን። መስመሩን ቁጠሪው፤ መቁጠርሽ እንደማይቀር አውቃለሁ።

ቀኙን ገፈፉልኝ፤ ግራው በመጪው ዓመት ነው። ጨርቁን ያነሱ ቀን መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጥርስ ነው። እንዲህ ነጭ ጥርስ አለ እንዴ አልኩ። በመርከብ ስመለስ ውሃውን ሳይ ዋልኩ፤ ሰው ወሬ ሲጀምረኝ «ዝም በል፣ እያየሁ ነው» እለዋለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ የሸረሪት ድሩ ብዛት! ስምንት ወር ሙሉ እንግዳ ሲገባ አንድም ሰው አልነገረኝም። መጋቢውንም አየሁት። አሁን ያለ ጸሐፊ ስለምጽፍ ልናገር፦ በጣም ወፍሯል።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ፤ ተቆጪም አትቆጪም ተደርጓል። ገጽሽን ቤቴ ሁለቴ አነበብኩት። እሑድ ደግሞ ይዤው ወጣሁና ለጉባኤው ሁሉ አነበብኩት። ከአትሮንሱ ቆሜ፣ ያለ መነጽር፣ በኛው ቋንቋ እየመለስኩ። ቪሊ «አክስቴ፣ ታሳፍሪያታለሽ» አለኝ። ተቀመጥ አልኩት።

ድክመትሽ ጋ ስደርስ ሰው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። በሁለት ትምህርት ወደቅኩ የሚለውን ሳነብ የምሥራቋ መሪ «እኔ በአራት ወድቄያለሁ» ብላ ከመቀመጫዋ ተናገረች፤ ሶአኔ «እኔ ትምህርት ቤቱን ራሱን ጥያለሁ» አለ። የመዝሙር መጽሐፉ ጋ ስደርስ አዛውንቱ ሁሉ ባንድ አፍ «አሜን» አሉ፤ የምሥራቁም የምዕራቡም። ስለዚህ ልጄ፣ ሁለት መቶ ሰው ያን መጽሐፍ ይጠብቃል። ቀስ ብለሽ ሥሪው፤ እስከዚያ አንሞትም።

ጠንካራ ጎንሽን ያስቀረሁት ለመጨረሻ ነው። ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም ብዬሽ ነበር፤ ይኸው ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ስምሽን ጠርቼ፣ ከነአባትሽ ስም፣ አመሰገንኩሽ። ሐኪሙ ለአንድ ወር እንዳላለቅስ አጥብቆ ነግሮኝ ነበር፤ ስፌቱ ይጎዳል ብሎ። አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ምንም አልሆንኩም። አያለሁ።

አክስትሽ፣
ፉሲ